የጋሽ ዱካሞ ዘይት የት ገባ

እኔ እዚያ ሱቅ የገባሁት ለኤርታይም፣ ለስልክ ካርድ ነው። ይሄን ቀድሜ የምናገረው፣ እናቴ በኋላ «አንቺ ደግሞ የሰው ጉዳይ ውስጥ ዘለሽ ትገቢያለሽ» ስላለችኝ ነው። አልዘለልኩም። ከብራክፓን ከተማ የመጣው ታክሲ ጻካኔ ሰፈር አወረደኝ፣ ስልኬ ዳታ ጨርሶ ነበር፣ ፊት ለፊቴ ያለው ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቁ ማለት ነው፣ ደግሞ የጋሽ ዱካሞ ነው። በቃ፣ ይሄው ነው።

ጋሽ ዱካሞን ለማታውቁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ የሆሳዕና ሰው። ጸሎት ሲመሩ ይረዝማሉ፣ ሰላምታ ላይ ደግሞ ከጸሎቱም ይረዝማሉ። የሰፈሩ ሰው ስማቸውን አያውቅም፤ ሕፃኑም አሮጊቷም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም መልሰው ሁሉንም «ማይ ፍሬንድ» ይላሉ። ስለዚህ እዚያ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ጓደኛ ነው፣ የተጣላም ቢሆን።

የዚያን ቀን ግን ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆነው ሲያዩኝ፣ ያንን ረጅም ሰላምታ ትተው፣ «ማራናታ፣ የዕፀገነት ልጅ፣ እግዚአብሔር ነው የላከሽ» አሉኝ።

ትልቅ ሰው እንዲህ ካለሽ ሥራ አለ ማለት ነው።

«ደህና ነዎት ጋሽ ዱካሞ? እትዬ በለጥሽ አገር ቤት ደህና ናቸው?» አልኩ፣ ስለ ባለቤታቸው።

«ሁሉም ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን። ማትሪክ አለፍሽ አሉ።»

«አለፍኩ። ፌብሩዋሪ ላይ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ።»

«ጎበዝ። እንግዲህ ዙሉው ላንቺ ውሃ ነው። በጎን በር ግቢ።»

የጎኑ በር እስኪከፈት ቁልፉ ብዙ ነው፣ የጻካኔን ሱቅ ታውቁታላችሁ። ስገባ ከኋላ ግቢው ውስጥ ሲስ ታንዴካን፣ እህት ታንዴካን ማለት ነው፣ አየኋት። ጋዙ ላይ ድስት ጥዳ ማግዊንያ ትጠብሳለች። ማግዊንያ ማለት ሊጡ ድቡልቡል ተደርጎ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነገር ነው፤ እዚህ ጠዋት ጠዋት ሳይበሉት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የለም። ሲስ ታንዴካ ይህን ሥራ የጀመረችው እኔ ገና የጫማ ክር ማሰር ሳልችል ነው። ሌላ ጊዜ ስታየኝ «ሳዉቦና፣ ቀጭኗ» ብላ በዙሉ ሰላምታ ትተርበኛለች። የዚያን ቀን ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ወደ ድስቱ መለሰች።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ ላለው ያስፈልጋል። ሱቆች በተዘረፉበት ዓመት የጋሽ ዱካሞን ትልቁን ፍሪጅ ከወንድሞቿ ጋር ተሸክማ መኝታ ቤቷ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ረብሻው እስኪበርድ ፍሪጁ አልጋዋ አጠገብ ሲያጉረመርም ያድር ነበር። ይህን እኔ የማውቀው ራሳቸው ጋሽ ዱካሞ እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው፣ እያለቀሱ፣ በምስክርነት ስለተናገሩት ነው።

አሁን ጋሽ ዱካሞ የመሃሉን በር ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለዚህች ሴት አንድ ቃል እንድታደርሺልኝ ነው። እኔ ብናገረው ይበላሻል። የኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋ ይናገራል እንጂ ሐዘን አይናገርም። ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ አብቅቷል፣ በሰላም እንለያይ በያት። በጨዋ ቋንቋ።»

ኤርታይሙን ረሳሁት።

«ሲስ ታንዴካን? ምን አጠፋች ጋሽ ዱካሞ?»

«ዘይት።»

«ዘይት ምን?»

«ይጠፋል። ድሮ አንድ ጠርሙስ ሁለት ቀን ይሄድ ነበር። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ በአንድ ቀን ያልቃል። ዱቄቱ ያው፣ እርሾው ያው፣ ድስቱ ያው። ዘይቱ ብቻ እግር አወጣ።»

«ጠይቀዋታል?»

«ሌባ 'ሰርቄያለሁ' ይላል እንዴ? 'የት ገባ' ስላት 'አላውቅም' አለች። ድስቱ ላይ የምትቆም እሷ፣ ጠርሙሱን የምትይዝ እሷ። ማን ሊያውቅ ነው ታዲያ?»

እዚህ ላይ «እሺ» ብዬ ተርጉሜ ልወጣ እችል ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሱቁም የሳቸው ነው። ግን ያ ቃል ከኔ አፍ ወጥቶ ሲስ ታንዴካ ጆሮ ሲገባ ታየኝ። የሰው ቃል ተሸካሚ መሆን እንደ ቀላል ነገር ይቆጠራል፤ ግን እኮ ቃሉን የምትሰማው ሴት የምታየው የኔን አፍ ነው።

«እነግራታለሁ» አልኩ፣ «ግን መጀመሪያ እኔ ይግባኝ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም?»

«ምንም። እንዲያውም እኔ ለቁጠባ ብዬ አሳነስኩት።»

«ምኑን?»

«ማግዊንያውን። ድሮ እንደ ቡጢ ነበር። አሁን አንዱን ሊጥ ስምንት ቦታ ከፍላ ድብልብል ታደርገዋለች፣ በላስቲክ ለተማሪ እንሸጣለን። ልጆቹ ወደዱት። ትንሽ ነገር ትንሽ ነው የሚበላው፣ ዘይቱም ይተርፋል ብዬ ነበር።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ አልነበርኩም። የሉል ቆዳ ስፋት፣ የሲሊንደር ቆዳ ስፋት ስንማር ክፍሉ በሙሉ «ይሄ ለምን ይጠቅመናል» እያለ ነው ያለቀው፣ ከሁሉ በላይ ጮኼ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እና ጋሽ ዱካሞ «ስምንት ቦታ» ሲሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ሲልብኝ፣ ከሳቸው በላይ የገረመኝ ራሴን ነው።

«ጋሽ ዱካሞ፣ ዘይቱን ማን እንደበላው ያወቅኩ መሰለኝ።»

«እኔም አውቄያለሁ። ሌባ ተይዞ ዱላ ፍለጋ አያስፈልግም፣ ሂጂ ንገሪያት።»

«ሌባው ገና አልተያዘም። ዱላውን ነው ቀድመው ያነሡት።»

አፍጥጠው አዩኝ። ደፈርኩ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣች።

«የዕፀገነት ምላስ» አሉ። «እሺ፣ ተናገሪ።»

መደርደሪያው ላይ ወረቀት የተለጠፈበት የዓሣ ቆርቆሮ ነበር። አነሣሁት።

«ይሄን ልላጠው?»

«ልጄ፣ ይሸጣል እኮ።»

«እኔ እገዛዋለሁ።» ወረቀቱን በጥፍሬ አላቅቄ ባንኮው ላይ ዘረጋሁት። «ምን ይመስላል?»

«ወረቀት ነዋ። አራት ማዕዘን።»

«የክቡ ዙሪያ ርዝመቱ ሆነ፣ የቆርቆሮው ቁመት ወርዱ ሆነ። የጎኑ ቆዳ ይሄ ነው። ላዩና ታቹ ላይ ሁለት ክዳን ሲጨመር ሙሉ ቆዳው ይሆናል።»

«ይህንማ የሚያስተምረኝ አላጣሁም» አሉ ጋሽ ዱካሞ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «ይሄ የክብ ቤት ግድግዳ ነው። በልጅነቴ ስንት ቤት መርጌያለሁ። ጭቃ ሲቦካ ዙሪያውና ቁመቱ ታይቶ ነው።»

እኔ ክብ ቤት በፎቶ ነው የማውቀው። ግን ነገሩን ራሳቸው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ጭቃውን የሚበላው ማነው ታዲያ? ግድግዳው ነው ወይስ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት?»

«ግድግዳው ነዋ። ሰውማ ምን አገባው።»

«ዘይቱስ? ማግዊንያው ውስጥ ያለው ሊጥ ነው የሚጠጣው ወይስ ቆዳው?»

ቆርቆሮውን አገላበጡት።

«ቆዳው» አሉ ቀስ ብለው። «ውስጡማ ደረቅ ነው፣ ዳቦ ነው። ግን ትንሽ ማግዊንያ ቆዳውም ትንሽ ነው። ይሄ ለኔ ነው የሚፈርደው።»

«የአንዱ ትንሽ ነው። ስምንት ናቸው እኮ።»

«ስምንቱም ተደምረው ያው አንድ ሊጥ ናቸው።»

ይኸውላችሁ ስህተቱ። ሁላችንም ውስጥ ያለ ስህተት ነው፤ እቃው ካልጨመረ ምንም አልጨመረም ብለን እናስባለን። ሊጡ አልጨመረም፣ እውነት ነው። ሲቆረጥ ግን ውስጥ የነበረው ውጭ ይሆናል። ይሄን በአፍ ብቻ ብናገር «የተማሪ ወሬ» እንደሚሉኝ አውቄ ዙሪያውን አማተርኩ። ጃንዋሪ የብርቱካን ወቅት አይደለም፤ ግን ከፍሪጅ ከርሞ ቆዳው እንደ ጫማ የደረቀ አንድ ብርቱካን ጥግ ላይ አገኘሁ። ይሄንንም እገዛዋለሁ ስል ጋሽ ዱካሞ «ያንን የሚገዛ የለም፣ ውሰጂው» አሉ።

ብርቱካኑን መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። ግማሹን ካርቶን ላይ ደፍቼ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አራት ጊዜ ሣልኩ። አራት ክብ።

«አሁን የሁለቱንም ግማሾች ልጣጭ እየቆራረጡ በክቦቹ ውስጥ ይደርድሩ። ሳይደራረብ፣ ክፍተትም ሳይተው።»

«እኔ?»

«እኔ ካደረግኩት አያምኑኝም።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ልጣጭ መደርደር ጀመሩ። አንድ ልጅ በፍርግርጉ በኩል ዳቦ ቢጠይቃቸው «ማይ ፍሬንድ፣ ዌት» አሉት። አንደኛው ክብ ሞላ። ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛው ላይ «ይበቃ ይሆን» ብለው አዩኝ። አራተኛው ሲሞላ በእጃቸው የቀረችው ልጣጭ ጥፍር የምታክል ነበረች።

«ልክ አራት» አሉ።

«የድቡልቡል ነገር ቆዳ ሁሌም በመሃሉ ሲቆረጥ የሚታየውን ክብ አራት እጥፍ ነው። ብርቱካንም ይሁን፣ ኳስም፣ ማግዊንያም። አሁን ትልቁንና ትንሹን ማግዊንያ ያስቡ። ሁለት ትንንሾች ጎን ለጎን ቢቀመጡ?»

«በወርድ አንዱን ትልቅ ያክላሉ።»

«ስለዚህ የትንሹ ወርድ ግማሽ ነው። የክቡስ ስፋት ከትልቁ ምን ያህሉ ይሆናል?»

«ግማሽ።»

«ይህን ካርቶን በርዝመቱ ግማሽ ይጠፉት። እሺ፣ አሁን ደግሞ በወርዱ።»

አጠፉት። ዘረጉት። የመታጠፊያውን መስመሮች በጣታቸው ተከተሉ። «ሩብ ነው» አሉ።

«ክቡ ሩብ ከሆነ ቆዳውም ሩብ ነው። ስምንቱ ትንንሾች እያንዳንዳቸው ሩብ ቆዳ ይዘዋል።»

ጋሽ ዱካሞ ነጋዴ ናቸው፣ ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈለግኩም። «ስምንት ሩብ፣ ሁለት ሙሉ» አሉ ለራሳቸው። «እጥፍ። ሊጡ ያው ሆኖ ቆዳው እጥፍ።»

ደስ ብሎኝ ጨረስኩ ስል፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ቆንጆ ነው። ግን ይሄ ካርቶንና ልጣጭ ነው፣ ዘይት ደግሞ ካርቶን አያነብም። እሷ ድስቱ አጠገብ እስከቆመች ድረስ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ዛሬ እርስዎ ይጥበሱ።»

ያን ጊዜ ያዩኝን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ሆሳዕና ላለ ወንድማቸው ቢነገር ማን ያምናል። ግን ደግሞ ከራሳቸው እጅ በላይ የሚያምኑት እጅ አልነበረም፣ ይሄንንም ያውቁታል።

እኔ ወደ ኋላ ግቢ ወጣሁ። ሲስ ታንዴካ ጋዙን አጥፍታ ቆማለች። ያወራነው በዙሉ ነው፣ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

«ሊያባርረኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ገና ነው። ዛሬ ራሱ ሊጠብስ ነው፣ አንቺ ተቀመጪ።»

«አንቺ ልጅ፣ በዘይቱ ነገር እንዴት ነው የሚያየኝ መሰለሽ? ቤቴ ጎመን የምሠራው በውሃ ቀቅዬ ነው። በዘይት ከጠበስኩ ሽታው ይወጣል፣ ጎረቤት 'የማይ ፍሬንድ ዘይት ሸተተ' ይላል። ልጆቼ 'ጎመኑ ምን ሆነ' ይሉኛል።»

የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ እንድትቀመጥ ሰጠኋት። ሽርጧንም ለጋሽ ዱካሞ ወሰድኩላቸው።

አንድ ዓይነት ሁለት ሊጥ በሱቁ ሚዛን ተመዘነ። ሁለት አዲስ የዘይት ጠርሙስ ተከፈተ፣ ሁለቱም እስከ አፋቸው የሞሉ። መጀመሪያ በአንዱ ትልልቆቹን፣ ቀጥሎ ድስቱ ተወልውሎ በሌላው ትንንሾቹን። ጋሽ ዱካሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የአበባ ሽርጥ አስረው ድስቱ ላይ ቆሙ። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ሴቶች ቆመው ያዩ ጀመር። አንዷ አሮጊት «ማይ ፍሬንድ፣ ሚስት ስታጣ እንዲህ ነው እንዴ» አለቻቸው፣ ሲስ ታንዴካም ሳትፈልግ ሳቀች። እኔ አልተረጎምኩላቸውም፤ እሳቸው ግን ገባቸው። ዘይት ፈነጠቀባቸውና «ኢየሱስ» አሉ፣ በጸሎት ድምፅ ሳይሆን በሌላ።

ዘይቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በማጥለያ ወደየጠርሙሱ መለስነው። ጋሽ ዱካሞ ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁመው፣ ወገባቸውን አጉብጠው፣ ከላይ የጎደለውን በጣታቸው ለኩ። የትልልቆቹ ሁለት ጣት ጎድሏል። የትንንሾቹ አራት ጣት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።

«ልክ እጥፍ አልሆነም» አሉ።

«አይሆንምም። እርስዎ ያድበለበሉት ማግዊንያ አንዱ ድንች ነው፣ አንዱ ጫማ ነው። ትልልቆቹም ዘይቱ ውስጥ ብዙ ቆይተዋል። ሒሳቡ ለልክ ድቡልቡል ነው የሚሠራው። ግን ማን እንደጠጣው አዩ አይደል?»

ጋሽ ዱካሞ ጠርሙሶቹን እያዩ ቆሙ። ሲስ ታንዴካም ከሳጥኑ ላይ ሆና ጠርሙሶቹን ታያለች። ምንም ያስረዳት ሰው ሳይኖር የገባት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቀስ ብላ ተነሣች።

«ማራናታ» አሉ ጋሽ ዱካሞ፣ ወደኔ ሳይዞሩ። «አሁን ንገሪልኝ። በጨዋ ቋንቋ። ይቅርታ በያት።»

«ይሄንን እርስዎ ነዎት የሚሉት ጋሽ ዱካሞ።»

«ዙሉዬ አይደርስም እኮ።»

«ይደርሳል።»

ሽርጡን ፈቱ። አጣጠፉት። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው።

«ሲስ ታንዴካ» አሉ። «ንጊያኮሊሳ።» ይቅርታ ማለት ነው፤ ይህችን አንድ ቃል ያውቋታል፣ መልስ ሲያሳስቱ የሚሏት ናት። ከዚያ በላይ ዙሉ አልነበራቸውም። እጃቸውን ወደ ሱቁ፣ ወደ ፍሪጁ ዘረጉ። «ፍሪጅ። ዩር ቤድሩም። አይ ፎርጌት።»

እዚያ ግቢ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሲስ ታንዴካ ሽርጡን ከእጃቸው ተቀበለች። ከጠበሷቸው ትልልቅ ማግዊንያዎች አንዱን አንሥታ ለሁለት ቆረሰችው፤ መሃሉ ጥሬ ሊጥ ነበር። አሳየቻቸው።

«ማይ ፍሬንድ» አለች፣ «ይሄን ለሰው ብትሸጥ ዘይት ብቻ አልነበረም የሚጠፋብህ። ዞር በል።»

ዞር አሉ።

ኋላ ጋሽ ዱካሞ አንድ ጠርሙስ ዘይት ሊሰጧት ቢሉ እምቢ አለች። ሥራዋን ስትጨርስ በፊት ለፊት ዞራ፣ ከሰው ጋር ተሰልፋ፣ በፍርግርጉ በኩል ሁሉም እያያት በገንዘቧ ገዛች። ስታልፈኝ «ዛሬ ጎመኑ ይጮኻል፣ ቀጭኗ» አለችኝ።

እንግዲህ ከዚህ ምን ተገኘ ብትሉ ይሄው። ጋሽ ዱካሞ ትንንሾቹን ማግዊንያ አልተዉም፣ ልጆቹ ይወዷቸዋል፤ ግን አሁን ምን ያህል ዘይት እንደሚፈልጉ ቀድመው ያውቃሉ፣ ሲያልቅ ሰው አይጠረጥሩም። በሙቀቱ ቀን በረዶውን ከመሰባበር ይልቅ በትልቁ ያስቀምጡታል፣ ቆዳው ያነሰ ቀስ ብሎ ይቀልጣልና። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፣ ራሳቸው ደረሱበት። እኔ ደግሞ «ለምን ይጠቅመናል» ብዬ የጮህኩበትን ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ልማረው ወስኛለሁ። የማናውቀው ነገር ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ጥፋተኛ ብለን ሰው እናስቀምጥበታለን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቅርባችን ያለውን ሰው።

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ዱካሞ ደጅ ላይ ቆመው ስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው አቢሶ ነበር። የሱም ዘይት እግር አውጥቷል፣ ሠራተኛውን ሊያሰናብት ነው።

«ስማኝ አቢሶ» ይላሉ ጋሽ ዱካሞ፣ በዚያ በጸሎት ድምፃቸው። «ታሰናብታለህ፣ ማንም አይከለክልህም። መጀመሪያ ግን አንድ ብርቱካን ላጥ።»

ከዚያ ማዶ አቢሶ የሆነ ነገር ጮኸ።

«የለም፣ አላበድኩም» አሉ። «ካርቶን አለህ?»